የሞተር ሳይክል የፊት ፎርክ (የፊት ጎማውን የሚይዙት ሁለት እግሮች) ዘይት ያፈሳል፣ ቤት ውስጥ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደውን ላስቲክ) መቀየር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ነች ያለችኝ። የግራው ፎርክ ዘይት ያፈሳል፤ አቧራ ተለጥፎበት ጭቃ ሆኗል። ጋራዥ ወረፋ ከምጠብቅ ራሴ ልሞክር ብዬ ነው። እስካሁን ፈትቼ የማውቀው ጎማ ብቻ ነው። ምን ላይ ልጠንቀቅ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ይቻላል። መጀመሪያ የአቧራ መከላከያውን ላስቲክ ወደ ላይ ገፋ አድርገህ ቀጭን ፕላስቲክ በጎሚኒው ከንፈር ዙሪያ አዙርበት። አንዳንዴ የሚያስፈስሰው የገባው ቆሻሻ ነው። ካልቆመ ፍታው። የላይኛውን ክዳን ፎርኩ እንደታሰረ አላላው። ስትከፍተው ፊትህን አርቅ፣ ሞላው ታምቆ ነው ያለው። የታችኛውን ብሎን ግን ሞላው ሳይወጣ አላላ። ከወጣ በኋላ ውስጡ ያለው ዘንግ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ያኔ ጉድህ ፈላ!

ሌላ መልስ፦ ጎሚኒው ውስጥ የሚንሸራተተው የፎርኩ ቱቦ ላይ ጥፍርህን አሂድበት። ዝገት ከያዘህ አዲሱም ጎሚኒ ይበላል። ስታስገባው የቱቦውን ጫፍ በፌስታል ሸፍነህ ዘይት ቀባው። የሁለቱንም ጎን ቀይር።

ጠያቂው፦ የሞተር ዘይት ብሞላበትስ?

መልስ፦ ተው፣ የፎርክ ዘይት ግዛ። መጠኑ መመሪያው ላይ አለ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። የፍሬን ሸራውንም እይ፣ ዘይት ነክቶት ከሆነ አይይዝልህም።