የሦስቱ ከተሞች የፍለጋና የነፍስ አድን ቡድን የጋራ የድጋፍ ጥያቄ፦ ረቂቁን የማረም ውይይት

ጸሐፊ (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ አባላት። የባሕር ዳር፣ የፍኖተ ሰላምና የደብረ ማርቆስ ማኅበራት በጋራ ለመንግሥት የምናቀርበው የድጋፍ ጥያቄ ረቂቅ ደርሷችኋል። የምንጠይቀው በየከተማው 20 አባላት ያሉት፣ በፈረሰ ሕንፃና በተደረመሰ ቁፋሮ ውስጥ ሰው ፈልጎ የሚያወጣ ቡድን ለማቋቋም ነው። አሁን ባለው ረቂቅ ከበጀቱ 80 በመቶው ለዕቃ ግዥ፣ 15 በመቶው ለሥልጠና፣ 5 በመቶው ለአስተዳደር ተይዟል። እባካችሁ "ይጨመር"፣ "ይቀነስ" ስትሉ ቁጥሩንና ምክንያቱን አብራችሁ ጻፉልኝ።

የግንባታ ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)

መግቢያው ከመሬት መንቀጥቀጥ መጀመሩ ትክክል አይመስለኝም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ ሁላችንንም አስደንግጧል፤ የጎጃም ከተሞች ግን ከስምጥ ሸለቆው ውጭ በደጋው ላይ ናቸው። ገምጋሚው "ይህ አደጋ እናንተ ዘንድ የት አለ?" ቢለን መልሳችን ይሳሳል። በየክረምቱ የሚገጥመንን እናስቀድም፤ እሱም የመሠረት ቁፋሮ መደርመስ፣ የውሃና የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ሶሌታ (የአርማታ ወለል ወይም ጣሪያ) መውደቅ ነው።

ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ግድግዳውን ከኋላ ይገፋዋል። ከላይ ደህና መስሎ ቆሞ ሳለ አንድ ወገን በአንዴ ይወርዳል። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር 1.8 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው አየር አስወጥቶ መልሶ ማስገባት ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የሚያከፋው ደግሞ ለመርዳት የሚመጣው ሰው ነው። የወጣው አፈር ጠርዙ ላይ ተቆልሏል፣ ሃምሳ ሰው ጠርዙን ከብቦ ይቆማል፣ ኤስካቫተር ይጠራል፣ የሞተሩ ንዝረት ሁለተኛውን ግድግዳ ያወርደዋል። የተቀበረውን በገመድ አስሮ መጎተትም አከርካሪ ይሰብራል።

ስለዚህ በሥልጠናው ክፍል ይህ ቅደም ተከተል ይጻፍ፦ ሰውን ከጠርዙ ማራቅ፣ በአቅራቢያው ያለውን ሞተር ሁሉ ማጥፋት፣ የተቆለለውን አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር መመለስ፣ ጠርዙ ላይ ጣውላ አንጥፎ ክብደትን መበተን፣ መሰላል ማውረድ፣ ግድግዳውን በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶና በወፍራም ጣውላ ደግፎ፣ ሁለቱን ግድግዳ ገፍቶ የሚይዘውን መወጠሪያ ከላይ ወደ ታች ማስገባት። መቆፈር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰውየው ዘንድ ሲደረስ ደግሞ በእጅና በአጭር አካፋ ብቻ።

ወጣት አባል (ባሕር ዳር)

ጋሼ ያሉት ይገባኛል። ግን ከፍርስራሽ በታች ያለ ሰው ድምፅ የሚያዳምጠው መሣሪያ ከዝርዝሩ እንዳይወጣ እለምናለሁ። ዘመናዊ ቡድን ያለ እሱ እንዴት ይባላል?

የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ባለሙያ (ባሕር ዳር)

መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ግን የመጀመሪያው ዓመት ዕቃ አይደለም። የሚሠራው ጸጥታ ሲኖር ነው፤ ጸጥታ ደግሞ የሚገኘው በሥርዓት ነው። ጄኔሬተር እየጮኸ፣ ባጃጅ እያለፈ፣ ዘመድ እያለቀሰ መሣሪያው የሚሰማው ጫጫታውን ነው። በፊሽካ ሰውን ዝም ማሰኘት የማይችል ቡድን በመሣሪያም አይሰማም።

በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የፍለጋና ነፍስ አድን አማካሪ ቡድን፣ ኢንሳራግ፣ የሚጠቀምበት የፊሽካ ምልክት ሦስት ነው፦ አንድ ረጅም (3 ሴኮንድ) "ሥራ አቁሙ፣ ጸጥታ"፤ ሦስት አጭር "ሁሉም ይውጣ"፤ አንድ ረጅምና አንድ አጭር "ሥራ ቀጥሉ"። ለ20 ሰው 20 ፊሽካ ይገዛ። ጸጥታው ከሰፈነ በኋላ አራት ሰው በአራት ማዕዘን ቆሞ በየተራ ይጣራል፣ ብረት ወይም ቧንቧ አምስት ጊዜ ይመታል፣ አንድ ደቂቃ ያዳምጣል። ከዚያ በፊት ግን ጎረቤት ይጠየቅ፤ ማን የት እንደሚተኛ፣ በዚያ ሰዓት ኩሽና ማን እንደነበር የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

አንድ የምጨምረው አለኝ፤ ይህን ቸል የምንል ከሆነ ባንቋቋም ይሻላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን አጥተናል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ ሮጠው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ሥራው ማየት ብቻ የሆነ አንድ ጠባቂ ይኑር። አካፋ አይይዝም፣ ቃሬዛ አይሸከምም። ዓይኑ ከግድግዳው ላይ፣ ፊሽካው ከአፉ ላይ ነው። "የደህንነት ጠባቂ" ተብሎ በስም በመዋቅሩ ላይ ይግባ።

የግንባታ ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)

በዚህ እስማማለሁ። አሁን ወደ እንጨቱ ልመለስ፤ ረቂቁ "48 እንጨት" ብሎ ስላለፈው አስልቼዋለሁ።

የወደቀን ሶሌታ ለመሸከም የሚያስፈልገን 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም እንጨት ነው፤ ሁለት ሁለት እየተደረገ በመስቀል እየተነባበረ ይቆማል፤ ይህን ቁልል "ቋሚ" እንበለው። የእያንዳንዱ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ፤ ካልወጣ ክብደት ሲያርፍበት ጫፉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሚሸከመው ወርድ 40 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ቁመቱ ከዚህ ወርድ ሦስት እጥፍ መብለጥ ስለሌለበት ከፍተኛው 1.2 ሜትር ነው። ይህ 12 ንብብር፣ ማለትም 24 እንጨት ነው። በአንድ ጊዜ አራት ማዕዘን ለመያዝ 96፤ ከመጠባበቂያ ጋር በየከተማው 120 ይያዝ። ሽብልቅ ለአንድ ቋሚ አራት ጥንድ ስለሆነ 16 ጥንድ ይበቃ ነበር፤ ሲመታ የሚፈነጠርና የሚሰበር ስለሚበዛ ግን 30 ጥንድ ይሁን። የእንጨቱ ጠቅላላ ክብደት 360 ኪሎ ገደማ ነው፤ ፒክአፕ ይችለዋል።

ምን ይሸከማል ለሚል፦ 4 በ5 ሜትር ስፋት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ 3 ሜትር ኩብ አርማታ ነው፤ 7.5 ቶን ይመዝናል። ከላይ ያልኩት ዓይነት አንድ ቋሚ በለስላሳ እንጨት ወደ 10 ቶን ይችላል፤ ክብደቱ ግን እኩል አያርፍም፣ ለዚህ ነው አራት የምንለው።

የእንጨቱ ዓይነት ላይ አደራ። ባሕር ዛፍ ርካሽና ቅርብ ስለሆነ ግዥ ክፍሉ የሚያመጣልን እሱን ነው። ጠንካራ መሆኑ አይካድም፤ ጉዳቱ ግን ሲደክም ሳይናገር መሰበሩ ነው። የፈረንጅ ጽድ ከመሰበሩ በፊት ይጨመቃል፣ ይንጣጣል፤ ያ ድምፅ ለመውጣት ጊዜ ይሰጣል። ባሕር ዛፍ ለአጠናና ለመወጠሪያ ይዋል፤ ለንብብሩ "የደረቀ የፈረንጅ ጽድ፣ ጉጥ የሌለው፣ በመጋዝ በልክ የተሰነጠቀ" ተብሎ ይጻፍ።

ነርስ (ፍኖተ ሰላም)

የሕክምናው ክፍል "የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን 3" ብቻ ይላል። ሁለት ነገር ይጨመር።

አንደኛ፣ እግሩ ወይም ክንዱ ከአርማታ ሥር ለሰዓታት የተያዘ ሰው ሲለቀቅ ከተጨፈለቀው ጡንቻ የሚወጣው ፖታሲየም ልቡን ሊያቆም ይችላል። ሲያናግራችሁ የነበረ ሰው ከወጣ በኋላ የሚሞተው በዚህ ነው። ከመለቀቁ በፊት በደም ሥር ኖርማል ሳላይን ይጀመርለታል፤ ለአዋቂ በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ሊትር። ሪንገር ላክቴት ፖታሲየም ስላለበት አይሰጥ። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የቡድኑ ድርሻ ባለሙያው ሳይደርስ ድንጋዩን አለማንሳት ነው። በየከተማው 12 ሊትር ሳላይን ይያዝ፤ የአገልግሎት ጊዜው እንዳያልፍ ከጤና ተቋም ጋር በቅያሪ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ጉድጓድ። ቤንዚን የሚጠጣ የውሃ ፓምፕ ወደ ጉድጓድ አውርዶ ማስነሳት በጭሱ ይገድላል። በመጸዳጃ ጉድጓድ ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛል፤ "ሽታው ጠፍቷል፣ ልግባ" የሚል ሰው ተከትሎ ይወድቃል። አራት ጋዝ የሚለካ መሣሪያ በየከተማው አንድ ይገዛ። መሣሪያው በገመድ ወርዶ የጉድጓዱን ላዩን፣ ወገቡን፣ ታቹን ይለካ። የተለመደው ኦክስጅን 20.9 በመቶ ነው፤ ከ19.5 በታች ከሆነ የራሱን አየር በሲሊንደር የያዘ መተንፈሻ ሳያደርግ ማንም አይወርድም። የአየር መንፊያ ከረጅም ቱቦ ጋርም ይጨመር። የመለኪያው ሴንሰር በ2 ወይም በ3 ዓመት ያልቃል፣ የማስተካከያ ጋዝም ይፈልጋል። ለዚህ ገንዘብ ካልያዝን በሦስተኛው ዓመት በእጃችን የሚቀረው የሚዋሽ ዕቃ ነው።

ገንዘብ ያዥ (ደብረ ማርቆስ)

እህታችን የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርሽ የበጀቱን ክፍፍል ይቀይረዋል፤ መቀየርም አለበት። አሜሪካን ብናይ፣ የፌዴራሉ የአደጋ መሥሪያ ቤት ፌማ 28 የፍለጋና ነፍስ አድን ቡድኖችን የሚደግፈው በየዓመቱ በሚታደስ ስምምነት ነው፤ ገንዘቡ ለዕቃ ብቻ ሳይሆን ለሥልጠና፣ ለማከማቻ፣ ለጥገናና ለአስተዳደርም ይውላል። አቅማችን አይመሳሰልም፤ አሠራሩ ግን ይመሳሰላል። እንዲህ እናድርገው፦ ዕቃ 45፣ ሥልጠናና ልምምድ 30፣ የሦስት ዓመት ማስኬጃ (ነዳጅ፣ ሴንሰር፣ የገመድ መተኪያ፣ የቡድን የአደጋ መድን) 15፣ አስተዳደር 10 በመቶ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ 20 በመቶ ስለሆነ ከበታቹ ነን። መድኑን ማንም እንዳይሰርዘው፤ ደመወዝተኛ በአሠሪው በኩል ሽፋን አለው፣ በጎ ፈቃደኛ ግን እጁ ቢቆረጥ የሚጠይቅለት የለም።

የጊዜ ሰሌዳው ረቂቁን ይጥለዋል ብዬ እሰጋለሁ። በጀቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ሰኔ 30 ተመላሽ ይሆናል። "ግዥ በአራተኛው ሩብ ዓመት" ብለን ጽፈናል፤ ጨረታው ሲራዘም ገንዘቡ ይመለሳል። በተጨማሪ እርጥብ እንጨት ሐምሌ ላይ ቢገዛ ይጣመማል። ስለዚህ ጨረታ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ እንጨት ገብቶ በጥላ ሥር ተደርድሮ መድረቅ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሥልጠና ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሙሉ ልምምድ ሚያዝያ፤ ሰኔ ዝናቡ ሲገባ ቡድኑ ዝግጁ ይሆናል።

የዕቃ መግለጫው ላይ "የራስ ቆብ 60" ብቻ ካልን ፕሮፎርማ የሚሰበሰበው በርካሹ ነው፤ ጎንበስ ሲሉ የሚወድቅ ቆብ ይመጣል። "ባለ አራት ነጥብ የአገጭ ማሰሪያ" ይባል። የራስ መብራቱ ገበያ ላይ በሚገኝ ተራ ባትሪ የሚሠራ ይሁን። የድርጅት ስም አይጠቀስ፤ ልክና አቅም ብቻ።

ወጣት አባል (ባሕር ዳር)

የማዳመጫውን ነገር ለሁለተኛው ዙር ትቼዋለሁ፤ ምክንያቱ አሳምኖኛል። ጄኔሬተሩ 3 ኪሎ ቮልት አምፔር ተብሏል። ለ1,500 ዋት የአርማታ መስበሪያና ለመብራት ይበቃል?

የግንባታ ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ተራ የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ገደማ አቅም ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወደ 18 በመቶ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሩብ ያህሉ ይጠፋል። መስበሪያው ሲነሳ የሚስበው ሲጨመር 3 ያቃስታል። 5 ይሁን።

ጸሐፊ (ባሕር ዳር)

እርማቶቹን አስገብቻለሁ፤ መግቢያው ከቁፋሮ ይጀምራል፣ ክፍፍሉ 45፣ 30፣ 15፣ 10 ሆኗል። አንድ ያልተፈታ አለ። ዕቃው በሞዴል 19 ወደ ከተማው መጋዘን ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፤ ይህ ለንብረቱ ደህና ነው። ነገር ግን ሌሊት 8 ሰዓት ግድግዳ ቢደረመስ የመጋዘን ኃላፊው ቤቱ ተኝቷል፤ ዕቃው በቁልፍ ሥር ነው።

የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ባለሙያ (ባሕር ዳር)

ቡድኑ ዕቃውን አንዴ በሞዴል 22 ይረከብና 24 ሰዓት ተረኛ ባለበት ጣቢያ በተለየ ክፍል ይቀመጥ። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በተረኛው ወንበር ጎን በመስታወት ሣጥን፣ አንዱ በቡድን መሪው እጅ። ይህ በስምምነት ሰነዱ ውስጥ እንደ አንቀጽ ይግባ፤ በቃል ከቀረ የመጀመሪያው ዝውውር ሲመጣ ይረሳል። ተረኞች በየፈረቃው ቁልፉን የሚረካከቡበትን የመዝገብ ቅጽ ነገ አያይዛለሁ።