የፔስሜከር ባትሪ ሲቀየር ስለ ኮተሪ አጠቃቀም፦ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የሚደረግ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ የጋራ ሐሳባችንን ለሥራ አመራሩ ከማቅረባችን በፊት በአንድ ነጥብ ላይ መስማማት ይኖርብናል። የመጀመሪያው ረቂቅ «የፔስሜከር ባትሪ በሚቀየርበት ጊዜ ኮተሪ አይፈቀድም» ይላል፤ ፔስሜከር ከቆዳ ሥር ተቀብሮ ለልብ ምት የሚሰጥ ማሽን፣ ኮተሪ ደግሞ በኤሌክትሪክ ሙቀት ሥጋ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም መሣሪያ ነው። በበኩሌ ይህ ክልከላ እንዳለ መቆየት የለበትም የሚል እምነት አለኝ፤ ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ።

የቀዶ ሕክምና ሐኪም፦
ክልከላውን አልደግፍም። ከዓመታት በኋላ ተመልሰን የምንከፍተው ኪስ (ባትሪው ከቆዳ ሥር የተቀመጠበት ቦታ) ጠባሳ የሞላበት ነው፤ ወደ ልብ የሚሄዱት ሽቦዎችም በባትሪው ዙሪያ ተጠምጥመው ከጠባሳው ጋር ተጣብቀው ይገኛሉ። ኮተሪ ተከለከለ ማለት በምላጭና በመቀስ ብቻ እንሥራ ማለት ነው፤ የአንዳንዱ ሽቦ የሲሊኮን ሽፋን ግን ሙቀትን ቢችልም ምላጭን አይችልም። የፖሊዩሬቴን ሽፋን በአንጻሩ ጠንካራ ሆኖ ሳለ በኮተሪ ሙቀት ይቀልጣል። በዚህ ላይ ደሙ በሚገባ ካልቆመ፣ ኪሱ ውስጥ የሚጠራቀመው ደም ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ስለዚህ «ኪሱ ከመከፈቱ በፊት የሽቦው ሽፋን ዓይነት ከታካሚው መዝገብ ይረጋገጥ» የሚለው ይግባ።

የሰመመን ባለሙያ፦
በዶክተር ሐሳብ እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ እኔን ከሽቦው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የታካሚው ምት ነው። ማሽኑ የኮተሪውን ኤሌክትሪክ የልብ ምት መስሎት ሥራውን ሊያቆም ይችላል፤ የራሱ ምት የሌለው ታካሚ ልብ ደግሞ ያኔውኑ ይቆማል። ባትሪው ሊያልቅ የተቃረበ ማሽን ጨርሶ ሊጠፋም ይችላል፤ እኛ የምንቀይረው በአብዛኛው እንዲህ ያለውን ነው። የአሜሪካ የልብ ምትና የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2011 በጋራ ያወጡት መመሪያ እንደሚመክረው ኮተሪው በአጭር በአጭሩ ብቻ ይነካ፤ የእኛም ረቂቅ ከ5 ሰከንድ እንዳይበልጥ ይበል። የኮተሪውን ኤሌክትሪክ ከሰውነት የሚመልሰው ፓድም በልማድ ጭን ላይ ከሚለጠፍ ይልቅ ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል በማያልፍበት ቦታ ይሁን።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፦
ኮተሪው ሲነካ የሞኒተሩ የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ) መስመር በጭረት ስለሚሞላ ምት መኖር አለመኖሩ አይለይም። ቀድሞ በሠራሁበት ሆስፒታል ሁላችንም ያንን ጭረት እየተመለከትን ሳለ፣ ከታካሚው ጣት ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ ሞገድ ዝርግ ሲል አየሁት። «ዶክተር፣ ያቁሙ!» አልኩ፤ እጃቸውን ሲያነሡ ሞገዱ ተመለሰ። የደነዘዘው ቦታው ብቻ ስለነበር አባት ዓይናቸውን ገልጠው «ልቤ ጠፍቶ ነበር እንዴ?» አሉኝ። የመለኪያው ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንዲሰማና አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሰጠው እሱን ብቻ እንዲከታተል እንዲጻፍ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ፦
ማሽኑ የልብን ምት ሳያዳምጥ በቋሚነት እንዲመታ ቀድሞ በፕሮግራመር (የማሽኑን አሠራር ከውጭ ሆኖ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ይስተካከል፤ በላዩ ሲቀመጥ ፔስሜከርን እንዲሁ የሚያስመታው ማግኔት በጸዳው ቦታ መካከል ሊቀመጥ አይመችም፣ በዲፊብሪሌተር (አደገኛ የልብ ምትን በሾክ በሚያስተካክል የተቀበረ ማሽን) ላይ ከሆነም ሾኩን ያግዳል እንጂ ምቱን አያስተካክልም። ዩኒፖላር (ኤሌክትሪኩ በሰውነት አልፎ ወደ ባትሪው አካል የሚመለስበት) ሽቦ ያለው ባትሪ ከኪስ ሲወጣ፣ ኮተሪ ባይነካም እንኳ ምት መስጠቱን እንደሚያቆም አይዘንጋ። የአንዱ አምራች ፕሮግራመር የሌላውን ማሽን አያነብም፤ ማሽኖቹ ከተለያዩ አምራቾች በሚመጡበት ቦታ ይህ ትልቅ ችግር ነው።

አስተባባሪ፦
ክልከላው ተሰርዞ የተነሡት ነጥቦች ይገባሉ። መጨረሻ ላይ ለተነሣው የፕሮግራመር ችግር የምጨምረው አንቀጽ ይህ ነው፦ «የማሽኑ ፕሮግራመር ከሌለ፣ የራሱ ምት የሌለው ታካሚ ጊዜያዊ የፔስሜከር ሽቦ ገብቶለት መሥራቱ ሳይረጋገጥ ኪሱ አይከፈት።» ተቃውሞ ያለው አባል እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ።