ኮምቦልቻ፦ መብራት ሲጠፋ የሰነበተ ኢንሱሊን ይወጋል ወይ?

የቦርከና ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊኗን የምገዛው ከሰፈራችን ፋርማሲ ነው። ሰሞኑን መብራት ሄድ መጣ ይላል። ባለፈው ስገባ ፍሪጁ ጠፍቷል፣ ልጅቷ ከውስጥ አውጥታ የሰጠችኝ ብልቃጥ ቅዝቃዜ የሚባል የለውም። ስጠይቃት "ምንም አይሆንም" ብላ ወደ ሌላ ሰው ዞረች። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ስኳር ከወትሮው ከፍ ብሏል። ከመድኃኒቱ ይሁን ከምግቡ እንጃ። ልጣለው? ወይስ ከአሁን በኋላ ደሴ እየወጣሁ ልግዛ?

ፋርማሲስት ከደሴ
አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ ነገር እናትህ መርፌውን እንዳያቋርጡ። ማስመለስ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ወይም መፍዘዝ ካየህባቸው ደግሞ የኛን መልስ አትጠብቅ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ውሰዳቸው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። መብራት ለጥቂት ሰዓት ስለጠፋ ብቻ አይበላሽም። አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ ከፍሪጅ ውጭ 28 ቀን ገደማ ይቆያል፣ ተከፍቶ የተጀመረውም እንደዚያው። ያንተ ጣጣ ብልቃጡ እዚያ ስንት ቀን ሲሞቅ ሲበርድ እንደከረመ የሚነግርህ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ከሌላ ፋርማሲ አዲስ ገዝተህ ቀይር፣ ስኳሩ ካልወረደ ሐኪማቸው ይያቸው፣ መጠኑን ግን በራስህ አትጨምር። ከሙቀት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ በረዶ ነው። ፍሪዘሩ ሥር ተለጥፎ አንዴ በረዶ የያዘ ኢንሱሊን ቀልጦ ደህና ቢመስልም አይወጋም።

ሲስተር
ዓይንህንም ተጠቀም። ሬጉላር የሚባለው የኢንሱሊን ዓይነት እንደ ውሃ ጥርት ማለት አለበት፣ ከደፈረሰ ጣለው። ሌንቴ የምንለው ነጩ ግን መደፍረሱ ያለ ነው። በመዳፍህ መሃል ቀስ አድርገህ ስታንከባልለው እንደ ወተት አንድ ዓይነት ካልሆነ፣ ጓል ጓል ካለ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አይሆንም።

የስኳር ደምበኛ
ደሴ መውጣቱ ብቻ ዋስትና አይሆንህም፣ ምንም እንኳ የደሴ ብርድ ራሱ ፍሪጅ ቢሆን 😄 ይልቅ መንገዱን አስብበት። ከደሴ ስትመለስ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ሚኒባሱ ፊት መስታወቱ ሥር እንዳታስቀምጠው። በረዶ ካገኘህም ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልለው እንጂ በረዶው ላይ በቀጥታ አታሳርፈው። ቤት ፍሪጅ ከሌለ ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ፣ መሃሉን አሸዋ ሞልተህ ውሃ ታጠጣዋለህ፣ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ንፋስ ያለበት ጥላ። እንደ ፍሪጅ አይሆንም፣ ግን ይሠራል።

ሆጤ
ኧረ ተዉ እንጂ! ሄዶ "ፍሪጃችሁን አሳዩኝ" ቢል ማን ይሰማዋል?

ፋርማሲስት ከደሴ
@ሆጤ ለምን አይሰማም? የመድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ቴርሞሜትር ይኖራል፣ ጠዋትና ማታ እየተነበበ ይመዘገባል። "ስንት ዲግሪ ላይ ነው?" ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም፣ በትክክል የሚሠራ ባለሙያ ደስ ብሎት ያሳይሃል። የሚቆጣህ ካለ መልስህን አግኝተሃል ማለት ነው። ለስላሳ መጠጥና ምሳ ዕቃ ከመድኃኒት ጋር የታጨቀበት ፍሪጅ ካየህም ውጣ፣ በየደቂቃው ይከፈታላ። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ መኖሩን፣ ነጭ ጋዎን የለበሰው ባለሙያው መሆኑንም ልብ በል።

አንድ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር ልጨምር። ብልቃጡ ላይ ያለው የአገልግሎት ማብቂያ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ ዘመን ቆጥረው "ገና ብዙ ዓመት አለው" ብለው ጊዜው ያለፈበትን ይዘው የሚሄዱ ሞልተዋል። ተቆርጦ ለሚሸጥ ክኒንም ቀኑና የምርት ቁጥሩ ያለበት ጠርዝ ተቆርጦ ከቀረ "ሙሉውን አሳየኝ" በል። ደረሰኝ ያዝ። አቤቱታ ካለህ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው።

የቦርከና ልጅ
አላህ ይስጣችሁ። ዛሬ ሌላ ፋርማሲ ሄጄ ስጠይቅ ሰውየው ፍሪጁን ከፍቶ አሳየኝ፣ 5 ዲግሪ ይላል፣ ጄኔሬተርም አላቸው። ከእሱ ገዛሁ። የድሮውን ብልቃጥ የት ልጣለው?

ሲስተር
ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይሆንም፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወስደህ አስረክብ። መርፌዎቹንም ክዳን ባለው ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅመህ አብረህ ውሰድ። ቆሻሻ የሚያነሱትን ልጆች እንዳይወጋ።