ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወደ ኬፕ ሜይ፦ በኦክቶበር ወፍ ለማየት የትኛውን ቀን፣ የትኛውን ቦታ?

ጣና_ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። በኦክቶበር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሳምንት ወደ ኒው ጀርሲ፣ ኬፕ ሜይ ልንወርድ አስበናል። ዋዜማውን እዚያው አድረን አንድ ሙሉ ቀን ይኖረናል። ቀኑን በምን ልምረጥ? ንጋት ላይ የት እንቁም፣ ከሰዓት በኋላስ? 10 በ42 የሩቅ ማያ መነጽር (10 እጥፍ የሚያጎላ) አለኝ፣ በእግር መቆሚያ ላይ የሚቆመው አጉልቶ ማያ ስኮፕ ግን የለኝም። ጭልፊቶቹ ሁሉ ከሩቅ አንድ ስለሚመስሉኝ መለያቸውን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። እናቴም አብራን ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ አትራመድም።

ሰሜን_ነፋስ
እህቴ፣ ከቀኑ በፊት ነፋሱን ምረጪ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ከካናዳና ከኒው ኢንግላንድ የሚወርዱት ወፎች ኮልድ ፍሮንት (የቀዝቃዛ አየር ግንባር) ሲያልፍ በሚነሳው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ይገፋሉ። ባሕሩ ላይ መውጣት ስለማይፈልጉ ዳርቻውን ተከትለው ይወርዳሉ፤ መሬቱ ደግሞ እየጠበበ ሄዶ ኬፕ ሜይ ላይ ያልቃል። ከፊታቸው የደላዌር ባሕረ ሰላጤ ይገጥማቸዋል። ጭልፊቶቹ እዚያ ሲደርሱ ያመነታሉ፣ ይዞራሉ፣ ዝቅ ብለው ይበራሉ። ቦታውን ታዋቂ ያደረገው ይኸው ማመንታታቸው ነው።

የምትፈልጊው ዝናቡ አልፎ፣ ሌሊቱን ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ፣ ጠዋት በሰዓት ከ10 እስከ 15 ማይል የሚነፍስበትን ቀን ነው። ነፋሱ በጣም ሲበረታ ትንንሾቹ ጭልፊቶች ባሕረ ሰላጤውን በዚያ በኩል ለመሻገር አይደፍሩም፤ የባሕረ ሰላጤውን ዳር ይዘው ጠባብ መሻገሪያ ፍለጋ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ከደቡብ ከነፈሰ ሰማዩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ሊሰረዝ የሚችል ሆቴል ያዢና ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ የናሽናል ዌዘር ሰርቪስን (የአሜሪካ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት) ትንበያ ተከታተይ። ዋዜማ ማታ ደግሞ በርድካስት የሚባለው ድረ ገጽ ሌሊት የሚበሩትን ወፎች ብዛት በራዳር ያሳያል።

ንጋት ላይ ሰው የሚሰበሰበው ሂግቢ ቢች፣ የኬፕ ሜይ የውኃ ቦይ አጠገብ ካለው ግድብ ላይ ነው። ሌሊቱን ሲበሩ ያደሩ ትንንሽ ወፎች ፀሐይ ስትወጣ መጠለያና ምግብ ፍለጋ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ፤ በላይሽ ሽው እያሉ ያልፋሉ። በኦክቶበር አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ (ስልክሽ ላይ 7:05 አካባቢ) ስለሆነ ከዚያ በፊት መድረስ አለባችሁ። በዚህ ወር አብዛኞቹ የሎ ራምፕድ ዋርብለር የሚባሉ ትንንሽ ወፎች ናቸው፦ ከጅራታቸው በላይ ቢጫ ምልክት አላቸው፤ ድምፃቸው ደረቅ «ቼክ» ነው።

ለእናትሽ ግን ሂግቢን አልመክርም። በቀጥታ ኬፕ ሜይ ፖይንት ስቴት ፓርክ ሂዱ። የጭልፊት መቁጠሪያው መድረክ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ነው፤ በደረጃ ፈንታ መወጣጫ ራምፕ፣ መቀመጫና ቅርብ መጸዳጃ አለው። መግቢያም ሆነ ማቆሚያ አይከፈልም። ቆጠራው ከ1976 ጀምሮ ይካሄዳል፤ በየዓመቱ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኖቬምበር 30 በየቀኑ ቆጣሪ አለ። ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ዋናው ጊዜ ነው።

ክንፍና_ጅራት
በነፋሱ እስማማለሁ። ጭልፊቶቹን በተመለከተ፦ ቀለም እርሺው። ከሩቅ ሁሉም ጥቁር ጥላ ነው። ቅርጹንና አበራረሩን ተመልከቺ።

እዚያ ሰውን የሚያሳስቱት ሻርፕ ሺንድና ኩፐርስ ሆክ የሚባሉት ሁለት የጭልፊት ዓይነቶች ናቸው። ሁለቱም አጭር ክንፍና ረጅም ጅራት አላቸው፤ ሁለቱም ጥቂት ጊዜ ክንፋቸውን መትተው ይንሳፈፋሉ። ሻርፕ ሺንድ ሲንሳፈፍ ክንፉን ወደፊት ስለሚያጥፍ ጭንቅላቱ ከክንፉ መታጠፊያ ብዙም አያልፍም፤ ጅራቱ ጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይመስላል፤ አመታቱ ፈጣን ነው። የኩፐርስ ጭንቅላት ወደፊት ወጣ ብሎ ይታያል፤ የጅራቱ ጫፍ ክብ ሲሆን ነጩ ጠርዝ ሰፋ ይላል፤ አመታቱ ገታ ያለ ነው። በመጠን አትተማመኚ፤ ትልቋ ሴት ሻርፕ ሺንድ ከትንሹ ወንድ ኩፐርስ ብዙም አታንስም። ነፋስ ሲበረታ ደግሞ አመታቱም ያታልላል፤ ያኔ ጭንቅላቱንና ጅራቱን ብቻ እመኚ።

ሹል ክንፍ ካየሽ ፋልኮን ከሚባሉት አዳኝ ወፎች አንዱ ነው። ኬስትረል ቀጭንና ቀላል ነው፣ ነፋሱ ያወዛውዘዋል። መርሊን ጠቆር ብሎ ወዲያ ወዲህ ሳይል በጉልበት ይነጉዳል። ፐረግሪን ትልቅ፣ ክንፈ ረጅም ነው፤ የኦክቶበር መጀመሪያ ሳምንታት የእሱ ጊዜ ናቸው። ክንፉን እንደ ኤም ፊደል የሚያጥፈው ዓሣ በሉ ኦስፕሬይ ነው፤ ዝርያው በአውሮፓ ክረምት የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይም ይታያል፣ እነዚያ ግን ከአውሮፓ በኩል የሚመጡት ናቸው። ክንፉን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ግራ ቀኝ የሚዋልለው ተርኪ ቨልቸር የሚባለው ጥንብ አንሳ፣ ክንፉን እንደ ጣውላ ቀጥ የሚያደርገው ደግሞ ባልድ ኢግል የሚባለው ንስር ነው።

መነጽርሽ ይበቃል። 10 እጥፍ በነፋስ ስለሚንቀጠቀጥ ክርንሽን የመድረኩ አጥር ላይ አስደግፊ። ከመሄድሽ በፊት ማስተካከሉን አትዝለዪ፦ የቀኙን ሌንስ ሸፍነሽ በመካከለኛው መዘውር የግራውን አጥሪ፤ ከዚያ ግራውን ሸፍነሽ፣ መካከለኛውን ሳትነኪ፣ በቀኙ ዓይን ማስተካከያ ቀለበት ብቻ ያንኑ ነገር አጥሪ። ብዙ ሰው «መነጽሩ ዓይኔን አሳመመኝ» የሚለው ይህን ሳያደርግ ነው። የዓይን መነጽር የምታደርጊ ከሆነ የጎማ ክፈፉን ወደ ውስጥ አስገቢው።

ማዕበል_ጠባቂ
ከሰዓት በኋላውን እኔ ልጨምር። ሁለት አማራጭ አለ፤ ለእናትሽ የሚስማማው ነሚ አይላንድ ነው። ከስቶን ሃርበር ወደ ኖርዝ ዋይልድውድ የሚወስደው ኦሽን ድራይቭ ረግረጉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዳር ይዛችሁ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ታያላችሁ። ዋናው ነገር የባሕሩ ሙላት ነው። ውኃው ሲጎድል የዳርቻ ወፎቹ ጭቃው ላይ ተበትነው ይመገባሉ፤ ሲሞላ ባልሰመጠችው ቁራጭ መሬት ላይ ተጨናንቀው ያርፋሉ። ስለዚህ ሙላቱ ጫፍ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት በፊትና በኋላ ባለው ጊዜ ሂዱ። ረጅም ብርቱካንማ ምንቃር ያለው ኦይስተርካቸር ከሩቅ ይለያል። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የሌላ ቀን ሰዓት አይሠራም። በኖዋ (የአሜሪካ የባሕርና የአየር መሥሪያ ቤት) ሰንጠረዥ ላይ ያለው የባሕር ዳር ሰዓት ከሆነ ደግሞ ውስጠኛው ረግረግ ከዚያ ዘግይቶ እንደሚሞላ አስቢ።

ሁለተኛው አቫሎን፣ 7ኛው መንገድ መጨረሻ ላይ ያለው የባሕር ወፎች መቁጠሪያ ነው (ጋርደን ስቴት ፓርክዌይ፣ መውጫ 13)። ከሴፕቴምበር 22 እስከ ዲሴምበር 22 ይቆጠራል። ስኮተር የሚባሉት ጥቁር ዳክዬዎችና ኮርሞራንት የሚባሉት ዓሣ በል የውኃ ወፎች በረድፍ ያልፋሉ። ባሕሩ በምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትወጋለች፤ ከሰዓት በኋላ ከጀርባ ትሆንና ቀለሙ ይወጣል። እዚህ ግን ያለ ስኮፕ ግማሹ ያመልጣል።

የጨው ብናኝ ሌንስ ላይ ካረፈ በደረቅ ጨርቅ እንዳትጠርጊው፤ አሸዋው ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በአየር መንፊያ አራግፊ፣ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ጨውን አሟሚ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ አድርቂ።

ጣና_ዳር
እግዜር ይስጥልኝ! ሂግቢን ትተን መድረኩ፣ ከዚያ ነሚ። ቅዳሜ ነፋሱ ከደቡብ ቢሆንስ? ልጆቹም ሊመጡ ነው።

ሰሜን_ነፋስ
እሑድ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚዞር ከሆነ ወደ እሑድ አዛውሪው። ካልሆነ የቀኑን ቅደም ተከተል ገልብጪ፦ ሙላቱን ጠብቀሽ ነሚን ዋና አድርጊ፣ መድረኩን ለአንድ ሰዓት ብቻ ጎብኚ። የዳርቻ ወፎች በደቡብ ነፋስም አይጠፉም።

ለልጆቹ፦ መዥገር በኦክቶበርም አለ። ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ አስገቡ፤ ፐርሜትሪን የሚባለው የመዥገር መከላከያ ልብስ ላይ ብቻ ይረጫል፣ ቆዳ ላይ አይደረግም። ቆዳን የሚያሳክከው ፖይዝን አይቪ የሚባለው ተክል በዚህ ወቅት ቀይ ሆኖ ስለሚያምር ልጆች ይቀጥፉታል፤ ሦስት ሦስት ሆኖ የወጣ ቀይ ቅጠል እንዳይነኩ ከመኪና ሳይወርዱ ንገሪያቸው።