የቢጫ ሃይላይተር ቀለም አልኮል ውስጥ ለምን ሰማያዊ ያበራል?

ፎቶኮፒ ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሐሰተኛ ብር የምለይበት የዩቪ መብራት ጠረጴዛዬ ላይ አይጠፋም። ትናንት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል የቢጫ ሃይላይተር ቀለም ሁለት የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረግኩ። አንዱ ውሃ፣ ሌላው የፋርማሲ አልኮል። መብራቱ ሥር ውሃው ቦግ ያለ አረንጓዴ፣ አልኮሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሆነ። ቀለሙ ያው አንድ ነው እኮ! ሮዙ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ነገሩ ምንድን ነው?

የፒያሳ ልጅ፦
አልኮል የቀመሰ ሁሉ መልኩ ይለወጣል 😄

ጡረተኛው መምህር፦
ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር አይተሃል። ብዙ ቢጫ ሃይላይተር ውስጥ ፓይራኒን የሚባል ቀለም አለ። ብርሃን ሳያገኘው ደካማ አሲድ ነው፤ ፒኬኤው (የአሲድ ብርታት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 7 አካባቢ። ብርሃን ሲውጥ ግን ፒኬኤው ወደ 0.4 ገደማ ይወርዳል፤ ብርቱ አሲድ ይሆናል። ያኔ ፕሮቶኑን፣ ማለትም አሲድ የሚለቀውን የሃይድሮጅን ቅንጣት፣ ለውሃው ይሰጣል። ለዚህ 100 ፒኮሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ ብርሃኑን እስኪለቅ ደግሞ 5 ናኖሰከንድ ያህል አለው (አንድ ናኖሰከንድ 1000 ፒኮሰከንድ ነው)። ጊዜ ተረፈው ማለት ነው። አረንጓዴ፣ በሞገድ ርዝመት 510 ናኖሜትር አካባቢ የሚያበራው ፕሮቶኑን የሰጠው ነው። አልኮል ፕሮቶን ለመቀበል እንደ ውሃ አይመችም፤ ስለዚህ ሞለኪውሉ ፕሮቶኑን እንደያዘ 440 አካባቢ ሰማያዊ ያበራል። የፋርማሲ አልኮል ውስጥ ውሃ ስላለ ነው ያንተው ጥርት ያላለው።

እስቲ ውሃው ላይ ሎሚ ጨምቅበት። ቢጫነቱ ይሳሳል፣ መብራቱ ሥር ግን አረንጓዴው መቆየት አለበት። የሎሚ አሲድ ብርሃን የዋጠውን ሞለኪውል ፕሮቶን ከመስጠት አያግደውም። አረንጓዴው ከደበዘዘ ቀለምህ ፍሎረሲን የሚባል ሌላ ቀለም ሊሆን ይችላል።

ላብ ውስጥ ያለሁ፦
መምህር ባሉት ላይ ልጨምር። ፕሮቶን የማይሰጥም ቀለም ይለወጣል። ናይል ሬድ የሚባለው ቀለም ሄክሴን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ወርቃማ ቢጫ፣ ኤታኖል (አልኮል) ውስጥ ቀይ ነው የሚያበራው። ብርሃን ሲውጥ ኤሌክትሮኖቹ ወደ አንድ ጎን ያደላሉ። የኤታኖል ሞለኪውሎች ዞረው ይከቡታል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ብርሃኑም ወደ ቀይ ይሄዳል። ሄክሴን ግን ዋልታ (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፍ) ስለሌለው ይህን አያደርግም።

ፎቶኮፒ ቤት፦
ሎሚውን ጨመቅኩ። ቢጫው ጠፋ፣ አረንጓዴው መብራቱ ሥር አለ! ሮዙስ ታዲያ?

ጡረተኛው መምህር፦
ሮዙ ሮዳሚን የሚባል ቀለም ሳይሆን አይቀርም። እሱ ብርሃን ሲውጥም የኤሌክትሮን አቀማመጡ ብዙ አይዛባም። ፈሳሹ ቢቀያየርበት ግድ የለውም።