የዲጂታል ሰዓት ጥገና የጋራ ዕቅድ፦ የአዲስ አበባ ሰዓት ጠጋኞች ማኅበር አባላት (በየሰፈራቸው ስም) ረቂቁ ላይ የሰጡት አስተያየት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸውላችሁ። እንደገና ከዜሮ እንዳንጀምር አደራ። ፒያሳ ላይ አንድ የጋራ ጠረጴዛ፤ ባትሪ ፈሶባቸው ለሚመጡ የድሮ ዲጂታል ሰዓቶች ብቻ። ማይክሮስኮፕ አንድ፣ ማይክሮ አምፒር (በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት) የሚያነብ ሜትር አንድ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ካውያ አንድ። አልኮል፣ ዲስቲልድ ውሃ፣ አቼቶ፣ ቀጭን ሽቦ። የ3 ወር ዋስትና በማኅበሩ ማኅተም። ጠቅላላ 74 ሺህ ብር፤ 40ው ከካዝና፣ ቀሪው መዋጮ። እስከ ዓርብ።

የመርካቶው፦ አቼቶ ለምን? ሎሚ እያለ!

የሜክሲኮው፦ የማይክሮስኮፑን ዋጋ እኔ አጣራለሁ። ነገ ጠዋት ፎቶውን እልካለሁ።

የቦሌው፦ ሎሚ ስኳርም ጭማቂም አለው፣ ቦርዱ ላይ ይጣበቃል። አቼቶ ይተናል።

የተክለ ሃይማኖቱ፦ እኔ በደርግ ጊዜ በሎሚ ስንት ሲኮ ሰዓት አስነስቻለሁ። አንተ ያኔ አልተወለድክም።

የቦሌው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን እርስዎ ያስነሱት እኔ ጋ ተኝቶ ነው የሚመጣው።

የተክለ ሃይማኖቱ፦ የትኛው? ስሙን ጥራ! የማን ሰዓት ነው?

የመርካቶው፦ ልጁ ይቅርታ ይጠይቅ። አለበለዚያ መዋጮው ላይ የለሁበትም።

ገንዘብ ያዥ፦ የለሁበትም ማለት ትችላለህ፣ ያለፈው ዓመት ቀሪህን ከከፈልክ በኋላ።

የሳሪሱ፦ ቆይ እንጂ! ከአልካሊ ባትሪ የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። አየር ሲያገኘው ነጭ ዱቄት ይሆናል። ሎሚም አቼቶም አሲድ ናቸው፣ ሁለቱም ይገድሉታል። ቁም ነገሩ በጥጥ ጫፍ ነካ አድርጎ ወዲያው በዲስቲልድ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በአልኮል ማድረቅ ነው። ስክሪኑና ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ጎማ መጀመሪያ ይውጡ። አሴቶን የሚያስጠጋ ካለ ደግሞ የስክሪኑን ፕላስቲክ አበላሽቶ ባለቤቱ ፊት ይቆማል።

የመርካቶው፦ እሱማ ነው። ታዲያ ሎሚ ተብሎ ይጻፍ።

የስድስት ኪሎው፦ አንድ ቀን ሙሉ ስለ ሎሚ! ትናንት የመጣልኝን ልንገራችሁ። ዜማ የሚያሰማ የድሮ ሰዓት ነው። የኔጌቲቩ ቆርቆሮ አረንጓዴ ሆኗል፣ ከሥሩ ያለው የቦርዱ መስመር እንደ ፀጉር ቀጥኖ መሀሉ ላይ ተበልቷል። ከድሮ ትራንስፎርመር አንድ ክር ሽቦ አወጣሁ፣ ቫርኒሹን በምላጭ ፍቄ ከጫፍ ጫፍ አገናኘሁት፤ ተነሣ። ሜትር ላይ ሳስቀምጠው ግን 40 ማይክሮ አምፒር ይስባል! ጤነኛ ሰዓት ጥቂት ነው የሚስበው። 90 ሚሊ አምፒር-አወር የያዘች ባትሪ እንኳን ብትሆን በዚያ አያያዝ 3 ወር ነው ዕድሜዋ። ቆሻሻው ቺፑ ሥር ገብቶ ከሆነ ደግሞ ቺፑን የሸፈነውን ጥቁር ሙጫ ማን ይከፍተዋል? ዋስትናውን ማን ነው የሚፈርመው?

የቦሌው፦ ዋስትናው ይውጣ።

ጸሐፊ፦ ዋስትናው ከወጣ ለጋራ ጠረጴዛው ምን ምክንያት ቀረ? ሰው የሚመጣው ለማኅተሙ ነው።

የተክለ ሃይማኖቱ፦ እኔ ቃሌ ዋስትና ነው። ማኅተም የሚፈልግ ስሙ ያልታወቀ ነው።

የሳሪሱ፦ ጋሼ፣ ይተዉት ይሄን። ከዋስትናው በፊት አንድ ነገር አለ። ካሲዮ ኤፍ-91 ባትሪ ተቀይሮለት ስክሪኑ ባዶ ሲሆን «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብለው ብዙ ብር የሚቀበሉ አሉ። ሰዓቱ እንደ አዲስ እንዲነሣ ቦርዱ ላይ ኤሲ የሚለውን ነጥብ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር በወረንጦ ለሁለት ሰከንድ ማገናኘት ብቻ ነው! ከ1989 ጀምሮ ያለ ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በዚህ ነው ስማችን የጠፋው።

የመርካቶው፦ ማንን ነው?

የሳሪሱ፦ ያወቀ ያውቃል።

ጸሐፊ፦ የሜክሲኮው፣ ፎቶው የት አለ? ረቡዕ ሆነ።

ገንዘብ ያዥ፦ አይቶታል። መልስ ግን የለም።

የስድስት ኪሎው፦ እኔ የምለው ሌላ ነው። ሰዓቶቹን ያበላሸው ምንድን ነው? ያ በካርድ ላይ ተለጥፎ የሚሸጠው ርካሽ ኤልአር 44 የሚባለው የአልካሊ ባትሪ ነው። ቮልቱ ከ1.5 እየወረደ ይሄዳል፣ ሰዓቱ ይደበዝዛል፣ ባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል፣ እዚያው ይፈሳል። ኤስአር 44 ልኩ ያው ነው፤ ሲልቨር ኦክሳይድ ስለሆነ ግን እስከ መጨረሻው 1.55 አካባቢ ይቆያል። አብረን በብዛት ብንገዛ አይሻልም? ማይክሮስኮፕ እየገዛን ያንኑ ባትሪ የምንሸጥ ከሆነ ምን ልንሠራ ነው?

የመርካቶው፦ አሁን ሰው ተናገረ። ዱባይ የሚመላለስ የአክስቴ ልጅ አለ።

የቦሌው፦ የአክስትህ ልጅ ያመጣው ያለፈው ካርቶን እኮ ነው ግማሹ የፈሰሰው።

የመርካቶው፦ ሙቀት ነው! መጋዘን ውስጥ ያቆያችሁት እናንተ ናችሁ።

የተክለ ሃይማኖቱ፦ ልጆች፣ ይብቃ። አንተም የቦሌው፣ ሰዓቱን ይዘህ ቅዳሜ ና፤ እናየዋለን። ባትሪውን እደግፋለሁ። ደረሰኝ ካለው።

የቦሌው፦ እሺ ጋሼ። እመጣለሁ።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው፦ ሲልቨር ባትሪ በጋራ ግዢ 50 ሺህ። ሜትር አንድ፣ 9 ሺህ። ጠረጴዛው ቦታ እስኪገኝ ይቆይ። ማይክሮስኮፕ የሜክሲኮው ሲመለስ። ዋስትናው ባትሪው ላይ ብቻ፣ 6 ወር፤ ፈሶ ከተገኘ ይቀየራል። ተቃውሞ ያለው?

የስድስት ኪሎው፦ ሜትሩ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው? ከሳሪስ ፒያሳ ድረስ ለአንድ ሰዓት የሚመላለስ የለም።

የሳሪሱ፦ ለምን ሳሪስን ምሳሌ አደረግከው?

ገንዘብ ያዥ፦ ሲአር 2016 የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ካልተጨመረ እኔ አልፈርምም። በኔ ሱቅ የሚለወጠው አብዛኛው እሱ ነው፤ ሲልቨር የሚጠይቀኝ በወር ቢበዛ ሁለት ሰው ነው። ስንት ስንት እንደሚፈልግ ሁሉም ለየብቻው ይላክልኝ፤ እዚህ አትጻፉ።

የመርካቶው፦ እዚህ ለምን አይጻፍም?