አዳማ ላይ ከክንዴ የወጣው ቱቦ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒክ ላይን (በክንድ ደም ስር የሚገባ የመድኃኒት መስጫ ቱቦ) ክንዷ ላይ እንዳለ አገር ቤት ልትሄድ ላሰበችው እህት የኔን ልንገራት።

እግሬ አጥንት ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ 6 ሳምንት በደም ስር አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። መድኃኒቱ አለቀ፣ ቱቦው ግን ክንዴ ላይ ቀረ። ለማውጫው የተያዘልኝ ቀጠሮ ሁለቴ ተሰረዘ። በመሃል የአባቴ አርባ ደረሰ። ሐኪሙ የማውጫ ትዕዛዝ ጽፎ ሰጠኝና ወደ አገር ቤት፣ አዳማ ሄድኩ።

የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው ቀን ፕላስተሩ በላብ ተላጠ። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ሲገባ እናቴ ክንዴን በነጠላ ትሸፍናለች።

ጎረቤታችን ሲስተር ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ማታ ከሥራ ስትወጣ መጣች። ጓንቷን እንኳ ሳታወጣ "ሲገባ ስንት ሴንቲ ነበር? ወረቀቱ የታለ?" አለችኝ። ሻንጣዬን በርብሬ አገኘሁት። 42 ይላል። "ይሄ ባይኖር አልነካህም ነበር" አለች።

እኔ እኮ ጣት የምታክል ነገር መስላኝ ነበር፤ ከላይ የሚታየው ትንሽ ነዋ። ለካ ከክንድ ተነስቶ በብብት አልፎ ልብ አጠገብ ካለው ትልቅ ደም ስር ድረስ ይዘልቃል።

በጀርባዬ አስተኛችኝ። ቀስ እያለች ትንሽ ትንሽ ሳበችው። አያምም። ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ልቤም አብሮ ቀጥ አለ። ሲስተር ግን አልጎተተችም። ደም ስሩ ደንግጦ ተኮማትሮ ነው፣ በግድ ከተሳበ ቱቦው ሊበጠስ ይችላል አለች። እናቴ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክራ ጨምቃ አመጣች፣ ክንዴ ላይ አደረግንና ሩብ ሰዓት ያህል ስለ አርባው ድንኳን አወራን። ከዚያ እሺ ብሎ መጣ። መጨረሻው ላይ "ትንፋሽህን ያዝና አምጥ" አለችኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን አማጥኩ። አየር በቀዳዳው እንዳይገባ ነው።

ሲወጣ ጫፉ ላይ የወተት ስልባቦት የመሰለ ነጭ ነገር ተጠቅልሎበታል። መግል መስሎኝ ደነገጥኩ። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት እንዲህ ይሸፍነዋል አለች። ቀዳዳውን አየር በማያስገባ ፕላስተር አሽጋ ግማሽ ሰዓት እንዳልነሳ አዘዘችኝ።

ከዚያ በእናቴ የልብስ ስፌት ሜትር ቱቦውን ለካችው። 42። ጫፉም ሙሉ ነው። አጥሮ ቢገኝ ኖሮ የቀረው ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ሆስፒታል።

— ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። መግል ቢሆንስ ኖሮ በምን ይታወቃል?

— እኔም ጠይቄያታለሁ። ቀዳዳው ዙሪያ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ወይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ ቤት ውስጥ አይነካም፣ ሆስፒታል ነው። ደህና ብትሆኚም ነርስ ሳይኖር እንዳትሞክሪው። ወረቀቱን ደግሞ በእጅ ቦርሳሽ ያዢው፣ ሻንጣ ይጠፋል።

እናቴን ሳልነግራችሁ። ሲስተር ከሄደች በኋላ ሜትሩን አንስታ ከክንዴ ጀምራ ለካች። ደረቴ ላይ ስትደርስ ቆመችና አማተበች።